መጋረጃውን ማን ዘጋው?

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በሚነሳ አውቶቡስ ላይ እንደ መስኮት ወንበር የሚፈለግ ነገር የለም። ክርክሩ የሚጀመረው በዋዜማው ትኬት ቆራጩ ዘንድ ነው። አንዱን ወገቡን ያመዋል፣ አንዷን መኪና ያዞራታል፣ ሌላው ደግሞ «የኔ ልጅ፣ ዕድሜዬን እያየህ መተላለፊያው ላይ ልታስቀምጠኝ ነው?» ይላል። የተሳካለት ሰው በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ወንበሩን ይይዛል፣ ጋቢውን ይከናነባል፣ የእንጦጦን ዳገት ሳይጨርስም መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ይዘጋዋል። ምነው ቢሉት «ፀሐዩ!» ይላል። ፀሐይ ገና አልወጣችም። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ከሾፌሩ ራስ በላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን አንድ ባል ሚስቱን ያለ ጥፋቷ ይጠረጥራል፤ ቀልደኛው ዘበኛ ተንሸራቶ ይወድቃል፤ ከኋላ ወንበር በየግማሽ ሰዓቱ «ስንት ቀረን?» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ረዳቱም በየግማሽ ሰዓቱ «ደርሰናል እኮ!» ይላል። ውጭ ደግሞ አገር ያልፋል።

መጋረጃውን ብቻ መውቀስ ግን ነገሩን ከላይ ከላይ መንካት ነው። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሙሉ የጉዞ ፍልስፍና አለ፤ እሱም በየአስጎብኚ ድርጅቱ ማስታወቂያ ላይ በግልጽ ይታያል፦ «ባሕር ዳር – ጎንደር – ሰሜን ተራሮች – ላሊበላ»። ስሞቹ በደማቅ ቀለም ተጽፈዋል፣ በመካከላቸው ትንሽ ሰረዝ አለች። በዚህ ፍልስፍና ስሞቹ ጉብኝት ናቸው፣ ሰረዟ ቅጣት ናት። ሰው የሚከፍለው ለስሞቹ ነው፤ ሰረዟን በእንቅልፍና በፊልም ይገፋታል፤ ገንዘብ ያለው በአውሮፕላን ይዘላታል። የእኔ ክርክር ተቃራኒው ነው። የአማራ ክልልን በመኪና ለሚጎበኝ ሰው፣ ከክልሉ የታሪክና የተፈጥሮ ሀብቶች ሁሉ ሰፊዋም፣ ማንም ዞር ብሎ ያላያትም ያቺ ሰረዝ ናት። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978፣ ፋሲል ግቢ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት በዩኔስኮ መዝገብ መስፈራቸው ይገባቸዋል፤ ከእነሱ ጋር ምንም ጠብ የለኝም። ጠቤ በመካከላቸው ያለው ሁሉ ባዶ ነው ከሚለው ልማድ ጋር ነው።

እስቲ ከጎጃሙ መስመር እንጀምር። ጎሃ ጽዮን ሲታለፍ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ የክልሉ ወሰን የሆነውን ወንዝ ተሻግሮ በማዶ ወደ ደጀን ይወጣል፤ ቁልቁለቱና ዳገቱ ተደምሮ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ተሳፋሪ ይህን ሁሉ ጥምዝምዝ የሚያስታውሰው በጆሮው መደፈን፣ በሙቀቱና ከፊት እያቃሰተ በሚወጣው ሲኖትራክ ነው። ገደሉን የሚያይ ሰው ግን ሌላ ነገር ያነባል። አፋፉ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዐለት ነው። ዝቅ ሲባል ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ያ ድንጋይ የተጠራቀመው በባሕር ወለል ላይ ነው። ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን ይህ ምድር በባሕር ተውጦ ነበርና። በዚያው ገደል የሚገኘው ጂፕሰም ያው ባሕር እየተነነ ጥሎት የሄደው ነው። ከዚያ በታች ደግሞ ባሕሩ ሳይመጣ በፊት የተነጠፈ የአሸዋ ድንጋይ አለ። እንግዲህ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ለምሳ ደብረ ማርቆስ የሚደርስ ነጋዴ፣ ሳያውቀው ወደ ባሕር ወለል ወርዶ ወጥቷል ማለት ነው። የባሕር በር ጉዳይ በየሻይ ቤቱ በሚያከራክርበት አገር አንድ ሙሉ ባሕር በመጋረጃ ከልሎ ማለፍ ትንሽ ያስገርማል።

በወሎው መስመር ደግሞ ጣርማ በር አለ። ደብረ ብርሃንን ካለፉ በኋላ አምባው ገብስና ብርድ ብቻ ነው፤ መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይልና ተራራው ውስጥ ይገባል። ዋሻው ጣሊያን ያስፈለፈለው ነው፤ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የሙሶሎኒ ዋሻ» ይለዋል። ግድግዳው ያልባል፣ የመኪናው መብራት ጨለማውን እየገፋ ይሄዳል፣ ከወዲያኛው አፍ ሲወጣ ወይ ጭጋግ ነው ወይ የምድር ጠርዝ። በዚያ አካባቢ «የምኒልክ መስኮት» ከሚባለው አፋፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያይ ሰው፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የማይገኘው ጭላዳ ዝንጀሮ በሣር ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲግጥ ያገኘዋል። ጥቂት ወረድ ሲባል ደብረ ሲና ነው። አውቶቡሱ ገና ፍሬን ሲይዝ ቆሎ ሻጮቹ ከበቡት ማለት ነው፤ የገብሱ፣ የሽምብራው ቆሎ በትንንሽ ላስቲክ ታስሮ ክንድ እስከሚበቃ ወደ መስኮቱ ይዘረጋል፤ ዋጋው መኪናው ቆሞ አንድ ነው፣ ሞተር ሲነሳ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ተዘግቶ የመጣው መጋረጃ የሚከፈተውም እዚህ ነው፤ ለቆሎ። ቆሎው ሳያልቅ ሸዋ ሮቢት ይደረሳል፤ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ጋቢው ይወልቃል፣ ማሳው ላይ ማሾ ይታያል። ከዋሻው እስከዚህ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ተማሪ ሁሉ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያለ በቃሉ የሚወጣውን ትምህርት መንገዱ አንድ ላስቲክ ቆሎ እስኪያልቅ ባለው ጊዜ ያሳየዋል።

መንገዱ ራሱ ቅርስ ነው ስል ግን ከመልክዓ ምድር ያለፈ ነገር ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ቆሟል፤ ፎቶ የማይነሳበት የለም። እውነተኛው መድፍ እስከ ዛሬ መቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል። ጋፋት ላይ የተሠራው ይህ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት ዐፄ ቴዎድሮስን ከእንግሊዝ ጦር አላዳነም፤ የንጉሠ ነገሥቱ ትልቁ ሥራም እሱ አልነበረም። ትልቁ ሥራ መድፉን መቅደላ ያደረሰው መንገድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነስተው በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ አድርገው መጋቢት ላይ መቅደላ እስኪደርሱ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ ምክንያቱም መንገድ አልነበረም። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች መድፉን በገመድ እየጎተቱ፣ ሌላው ከፊት ገደል እየናደ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ የሚያስወርድና የሚያስወጣ መንገድ ተጠረገ። ታሪኩ የሚመረው ከዚህ በኋላ ነው። ከዙላ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ጂዳ አፋፍ ላይ ሲደርስ ወደ መቅደላ የወሰደው ያው ቴዎድሮስ ያስጠረጉት መንገድ ነው፤ እንግሊዞቹም ሥራውን እያደነቁ ወረዱበት። ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ተያዘ፣ ንጉሡም እጃቸውን ሳይሰጡ ሞቱ። ዛሬ ጨጨሆን ወይም ዘቢጥን በመኪና የሚያልፍ ሰው በዚያ አቅጣጫ ነው የሚጓዘው። ሐውልቱን ፎቶ ለማንሳት የሚጋፋውና ጨጨሆ ላይ የሚያንኮራፋው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። የቴዎድሮስ መንገድ የአባት ሥራ ነው፤ ዛሬ የሚነዳበት አስፋልት መሠረቱ ግን በአብዛኛው የጣሊያን ነው፤ ጣሊያን ደግሞ ጣርማ በርን የፈለፈለውና የሊማሊሞን ገደል የጠመዘዘው ለእኛ ሠርገኛ መኪና አስቦ አይደለም፤ ይህን ቅርስ ማለት ወራሪን ማመስገን አይሆንም? ጥያቄው ቀላል አይደለም። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ወደሚረሸኑበት ስፍራ የተወሰዱት በጭነት መኪና ተጭነው ነው። መንገድ ንጹሕ አይደለም። ግን በጸጸትም ሆነ በቁጭት የሚታይ ነገር መታየት አለበት፤ የምንጠብቀው የምናመሰግነውን ብቻ ቢሆን ኖሮ የታሪክ መጻሕፍታችን ግማሽ ገጻቸው ይቀደድ ነበር። ደግሞም መንገድ ለሠሪው ታማኝ ሆኖ አያውቅም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በጎጃም በኩል ገብተው፣ ከደብረ ማርቆስ ተነስተው ዓባይን ተሻግረው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት በመኪና ነው። ጣሊያን ለመግቢያ ያለው መንገድ ለመሸኛው ሆነ። ከዚያ ወዲህ የወረታ–ወልድያን መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናዎች ሠርተውታል፤ ዓባይ ላይ ከአሮጌው ድልድይ ጎን የቆመው 303 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይም በጃፓኖች እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ተመርቋል። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። መንገዶቻችን እንደ እሷ አያፍሩም፤ አባቶቻቸውን በየተራ ይናገራሉ፣ የሚሰማ ከተገኘ።

ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ያለውን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ እንኳ ብንወስድ ወሬው ብዙ ነው። ፎገራ ላይ የሩዝ ማሳ ውኃ አቁሮ ይታያል፤ ጤፍ ብቻ የሚበላ የሚመስለው የክልሉ ሰው ለራሱም ሩዝ እንደሚያመርት ብዙ እንግዳ የሚያውቀው እዚያ ነው። እንፍራንዝ አጠገብ ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ አለ፤ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል፣ ይህም ማለት ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት የቆመ ነው። የጎንደርን ግንቦች «ከየት መጡ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከመንገዱ ዳር ትቶት ነው የሚያልፈው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጣ ደግሞ ወለቃ አለች፤ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረች። ባለቤቶቿ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፣ የሸክላ ምስሎቹ ግን እስከ ዛሬ በመንገዱ ዳር ለሽያጭ ይደረደራሉ። ከኢየሩሳሌም ወይም ከአሽዶድ የሚመጣ ወጣት እናቱ የተወለደችበትን መንደር ሊያይ ሲመጣ ቆሞ የሚያለቅስበት ቦታ፣ ለሌላው «ደባርቅ ስንት ቀረን?» የሚባልበት ነው።

ሌላው ተቃውሞ የጊዜ ነው። ሠራተኛ ሰው ሦስት ቀን ፈቃድ ለምኖ የወጣ ነው፤ በየገደሉ እየቆመ ዐለት ሲያይ ላሊበላ መቼ ይደርሳል? ይህ ተቃውሞ አውቶቡሱ አይቆምም ብሎ የሚያስብ ሰው ተቃውሞ ነው። አውቶቡሱ ይቆማል፤ ያውም ረጅም። የሚቆምበትን ቦታ የሚመርጠው ግን ታሪክ ወይም ተፈጥሮ አይደለም፣ ሾፌሩና ረዳቱ ምሳቸውን በነፃ የሚበሉበት ሆቴል ነው እየተባለ ይታማል። አርባ ሰው ወርዶ፣ አርባ ሽሮ እስኪመጣ ጠብቆ፣ ሁለት ሰው ሒሳብ ተከራክሮ፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ተፈልጎ እስኪገኝ የሚያልፈው ጊዜ የዓባይን በረሃ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ለማየት ይበቃል። ስለዚህ የጎደለው ሰዓት አይደለም፤ ማቆሚያው የት ይሁን የሚል ጥያቄ ነው። ለዚያውም ማየት መቆም እንኳ አይጠይቅም፣ በተቀመጡበት አንገት ማዞር ይበቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሰረዟን ዘልሎ ለመድረስ የቸኮለ ሰው ኋላ ያለፈውን አገር ከሌላ ሰው የዩቲዩብ ቪዲዮ ላይ ይለቅማል።

የቀደሙት ሰዎች ነገሩን ከእኛ በተሻለ ያውቁት ነበር። ለገና ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚሄድ ተሳላሚ፣ ሳምንትም ቢፈጅበት፣ መንገዱን ከበዓሉ ላይ የተቀነሰ ጊዜ አድርጎ አይቆጥረውም፤ በረከቱ ከቤቱ ደጃፍ ይጀምራል፣ ድካሙም የስለቱ ክፍያ ነው። ላሊበላ ሲደርስ ደግሞ የአገሩ ሰው እግሩን ያጥበዋል። ውኃው የሚያወርደው አቧራ የመንገዱ ነው፤ ለመንገዱ የሚሰጥ ክብር ነው ማለት ይቻላል። ከቦሌ ተነስቶ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ በሚሆን በረራ የደረሰውን፣ በነጭ ካልሲ የመጣውን እንግዳ ግን ምኑን ያጥቡታል? እግሩን ቢዘረጋም ባለቤቶቹን ሥራ ማስፈታት ይሆናል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የመጨረሻው ነው፤ መንገዱ ሰላም መቼ ሆነና? ባለፉት ዓመታት በሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም በክልሉ ውስጥ በቀጠለው ግጭት፣ ብዙው መስመር ለተራ መንገደኛ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሟል። ሰው ከቤቱ ሲወጣ የሚያስበው ስለ ኖራ ድንጋይ ሳይሆን ስለ መመለሱ ነው፤ ይህን ሰው መጋረጃ ክፈት ብሎ መምከር ቀልድ ነው፣ ያውም መጥፎ ቀልድ። ቁልቁለት የሚያስፈራውም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዳዊቱን ቢደግም መብቱ ነው። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ይደግፈዋል። መንገድ ስሞችን የሚያገናኝ ባዶ ቦታ ቢሆን ኖሮ ሲዘጋ የሚጎድለው ጎብኚ ብቻ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ግን ማዳበሪያው፣ በሽተኛው፣ ተማሪው፣ ሙሽራዋ ሁሉ ቆመ፤ አውሮፕላኑም ሲበር የሚበረው ለከፋዩ ብቻ ነው። ከላይ የሚበር ሰው ላሊበላን ያያል፤ ጋሸና ግን ወደ ላሊበላ በሚገነጠለው መታጠፊያ ላይ ሻይ አፍልታ መንገደኛ ትጠብቅ እንደነበር አያውቅም።

ይልቅ መንገዱን ቅርስ እንበለው ብሎ የሚከራከር ሰው በእውነት ሊፈራው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በአገራችን አንድ ነገር መስህብ ተብሎ ከተመዘገበ ወዲያው ካርኒ ይታተምለታል። የመግቢያ ይከፈላል፣ የአስጎብኚ ይከፈላል፣ የቪዲዮ ለብቻ ይከፈላል፣ ጫማ የሚጠብቅ ሰውም ይገኛል። ነገ ጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ አንድ ወጣት ባጅ አንጠልጥሎ፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ «የአገር ውስጥ ወይስ የውጭ ዜጋ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ገደሉን ያየ ይህን ያህል፣ ጭላዳውንም የጨመረ ይህን ያህል፤ ቆሎው ብቻ ከደብረ ሲና ሴቶች ጋር በድርድር። እስካሁን ለቀረቡት ተቃውሞዎች ሁሉ መልስ አቅርቤያለሁ፤ ለዚህኛው ግን የለኝም።